ሽለላ በሳክስፎን፤ የአቶ ጌታቸው መኩሪያ ሕይወትና ሥራ

ሽለላ ሰምቶ የማያውቅ የገጠር ሰው ይኖራል? አይኖርም ማለት ይቻላል። ሠርግ ላይ ወይም ደቦ ላይ አንድ ጎበዝ ከመካከል ብድግ ይላል። ዱላውን ይነቀንቃል። ድምፁን ከደረቱ አውጥቶ ይለቀዋል። ያን ጊዜ የተቀመጠው ይነሣል፤ የደከመው ይበረታል፤ የሽማግሌው ዓይን እንባ ያቀራል። ራቅ ብሎ የቆመና ቃሉን በደንብ ያልሰማ ሰው እንኳ ሰውነቱን ይነዝረዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ቃሉ ሁሉ ወጥቶ ድምፁ ብቻ ቢቀር፣ ሽለላው ሽለላ ሆኖ ይቀጥላል? ድምፁ የሚወጣው ከሰው ጉሮሮ ሳይሆን ፈረንጅ ከሠራው የናስ መሣሪያ ቢሆንስ? "ይሄማ እንዴት ይሆናል?" የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሆኗል። ይህን ያደረጉት ሰው አቶ ጌታቸው መኩሪያ ይባላሉ። መሣሪያው ደግሞ ሳክስፎን ነው። የዛሬው ትምህርታችን የእኒህን ሰው ሕይወትና ሥራ ይመለከታል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ስንል የእኛን አቆጣጠር ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. ስንል ደግሞ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ማለታችን ነው።

1. ሳክስፎን ምንድን ነው?

ዋሽንት ሁላችንም እናውቃለን። እረኛው ሸምበቆ ይቆርጣል፤ ቀዳዳ ያወጣለታል፤ ይነፋዋል። ጣቱን ከቀዳዳው ላይ ሲያነሣና ሲደፍን ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሳክስፎንም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። እሱም ቀዳዳዎች አሉት። ነገር ግን አካሉ ከናስ የተሠራ፣ አፉ ቀጭን፣ ታችኛው ጫፉ እንደ መለከት የሰፋ ነው። ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ስለ ሆኑ ጣት አይደፍናቸውም። ስለዚህ በላያቸው ላይ ክዳን ተሠርቶላቸዋል። ነፊው ክዳኖቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው በጣቱ የሚጫናቸው ቁልፎች ተበጅተውለት ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል? በመሣሪያው አፍ ላይ ከሸምበቆ ተልጣ የወጣች አንዲት ቀጭን ምላስ ታስራለች። ሰውየው ሲነፋ ያቺ ምላስ ትንቀጠቀጣለች። በናሱ ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንዲት እርጥብ የሣር ቅጠል በሁለት አውራ ጣቶቻችሁ መካከል ወጥራችሁ ያዙና ንፉባት። ትጮሃለች። ሣሯን ስታጠብቋት ድምፁ ይቀጥናል፤ ስታላሏት ይወፍራል። የሳክስፎንም ምሥጢር ይኸው ነው።

መሣሪያውን የፈጠረው አዶልፍ ሳክስ የሚባል የቤልጅክ አገር ሰው ነው። የተወለደው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። የፈጠራ መብቱን ወረቀት ፓሪስ ከተማ ላይ የተቀበለው በ1846 እ.ኤ.አ. ነበር። "ሳክስፎን" የሚለው ስምም ከእሱ ስም የወጣ ነው። ሳክስ ግን በመሣሪያው አልበለጸገም። ከከሰረ በኋላ በ1894 እ.ኤ.አ. በድህነት ሞተ። የሠራው ሥራ ግን ከእሱ ተርፎ ዓለምን አዳረሰ።

2. የናስ መሣሪያ ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

በአገራችን ጥንትም እምቢልታና መለከት ነበሩ። የአውሮፓ የትንፋሽ መሣሪያዎች በብዛት መግባት የጀመሩት ግን በ1888 ዓ.ም. ከተደረገው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሩሲያ መንግሥት ለአፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያ ላከ።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ነበር። እዚያም ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ የአርመን ልጆች አገኙ። እነዚህ ልጆች የናስ መሣሪያ ይነፉ ነበር። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው። ሕዝቡም "አርባ ልጆች" ብሎ ጠራቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ይባሉ ነበር። ከጊዜ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በማዘጋጃ ቤትና በቲያትር ቤት የሙዚቃ ጓድ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ።

ሥልጠናው እንዴት ነበር? በኖታ ነበር። ኖታ የዜማ ፊደል ነው። ፊደል ቃልን በወረቀት ላይ እንደሚይዝ፣ ኖታም ድምፅን በወረቀት ላይ ይይዛል። የቤተ ክርስቲያን ዜማም የራሱ የሆነ ምልክት ከጥንት ጀምሮ አለው። ፊደል የቆጠረ ሰው ያላየውን አገር ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ ኖታ የተማረም ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ወረቀት አይቶ ይጫወተዋል።

3. ከክራርና ከማሲንቆ ወደ ሳክስፎን

አቶ ጌታቸው የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በይፋት ነው። በተወለዱ በመንፈቃቸው ገደማ የጣሊያን ጦር አገራችንን ወረረ። አምስቱ ዘመን የአርበኝነት ጊዜ ሆነ። አርበኛው በዱር በገደሉ ሲዋጋ ልቡን የሚያሞቀው በሽለላ፣ በቀረርቶና በፉከራ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ሕፃኑ ጌታቸው ስድስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ሽለላን የሚሰማው እንደ ቆየ ተረት አልነበረም። የሚሸልሉት ሰዎች የትናንት ዘማቾች ነበሩ።

አቶ ጌታቸው ሙዚቃ የጀመሩት ፈረንጅ በሠራው መሣሪያ አይደለም። መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ ነበር የተጫወቱት። ኋላ ነው ክላርኔትና ሳክስፎን የተማሩት። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ጆሯቸው አስቀድሞ በአገር ዜማ ተሞልቷል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እነዚህን አራት ቅኝቶች የሚያውቅ ጆሮ ይዘው ነው ናሱን የነኩት።

በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገቡ። ዛሬ ይህን የምናነብ ወላጆች እስቲ እናስበው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከብት ይጠብቃል፤ ወይም ከአባቱ ኋላ ተከትሎ ጎልጓይ ይሆናል። እሳቸው ግን በትልልቅ ሰዎች መካከል ቆመው ይነፉ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ቤት ተመረቀ። ይህ ቤት ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ነው። አቶ ጌታቸው በዚያው ጊዜ ገደማ ወደ ቲያትር ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ተዛወሩ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ፣ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። በዚያን ዘመን ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የማዘጋጃ ቤት፣ የቲያትር ቤት፣ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው። መሣሪያውም ልብሱም የመሥሪያ ቤቱ ነው።

4. ሳክስፎኑ ሲሸልል

በትልቅ ጓድ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይነፋል። ሁሉም ኖታውን ይከተላል፤ ሁሉም ምቱን ይጠብቃል። ሽለላ ግን እንዲህ አይደለም። ሽለላ ጭብጨባ የለውም። የሚለካው በሸላዩ ትንፋሽ ነው። ሸላዩ አንዱን ድምፅ ይጎትተዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያም ቁርጥ ያደርገዋል። ዝም ይላል። ቀጥሎ እንደ ጎርፍ ይለቀዋል። ይህን በመስመር ወረቀት ላይ ማሰር አስቸጋሪ ነው።

አቶ ጌታቸው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ይህን የሸላይ ድምፅ ወደ ሳክስፎን አመጡት። ሸላዩ በጉሮሮው የሚያደርገውን እሳቸው በትንፋሻቸው፣ በከንፈራቸውና በሸምበቆዋ ምላስ አደረጉት። ድምፁን አስጎረበጡት፤ አስጓጎሩት፤ አንቀጠቀጡት። የሰማ ሰው ቃል የሰማ ይመስለው ነበር። በመድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ ደፍተው፣ እንደ ጥንት ጀግና ለምድ ለብሰው ይቆሙ ነበር። ሽለላን ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ ተጫውተው በሸክላ ካስቀረፁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተረት እናስታውስ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይባላል። ብዙ ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ የቆየውን ይጥላል። ፈረንጅኛ ሲለምድ በአባቱ ቋንቋ ያፍራል። አቶ ጌታቸው ግን ቆጡ ላይ ያለውን አወረዱ፤ የብብታቸውንም አልጣሉም። ሳክስፎን ስለ ያዙ ፈረንጅ ልሁን አላሉም። ይልቅ ሳክስፎኑን አማርኛ አስተማሩት ማለት እንችላለን።

5. ጃዝ ምንድን ነው?

አቶ ጌታቸውን ብዙ ሰዎች "የጃዝ ሙዚቀኛ" ይሏቸዋል። ጃዝ ምን ማለት ነው?

ጃዝ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል የተወለደ ሙዚቃ ነው። የእነዚህ ሰዎች አያቶች ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው በሰው እርሻ ላይ ጥጥና ሸንኮራ ያመርቱ ነበር። ባርነት በአሜሪካ በሕግ የቀረው በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። ነፃ የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው የወታደር ባንድ ይነፋበት የነበረውን የናስ መሣሪያ እየያዙ የራሳቸውን ኀዘንና ደስታ ይጫወቱበት ጀመር። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ኒው ኦርሊንስ በሚባል የወደብ ከተማ፣ ይህ ሙዚቃ መልክ ያዘ። በኋላ እንደ ቻርሊ ፓርከርና ጆን ኮልትሬን ያሉ ታላላቅ የሳክስፎን ሰዎች ወጡበት።

የጃዝ ዋናው ጠባይ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ግጥሙን እዚያው ያወርድ የለም እንዴ? ትናንት ያለውንም ዛሬ እንዳለ አይደግመውም። ጃዝም እንዲሁ ነው። ዜማው ይታወቃል፤ አካሄዱ ግን በየጊዜው አዲስ ነው።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንዳንድ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ከምትና ከሥርዓት ወጥተው፣ ሳክስፎኑን እያስጮሁ በነፃ መንፋት ጀመሩ። ኦርኔት ኮልማን ከእነዚህ አንዱ ነው። የአቶ ጌታቸውን ሸክላ በኋላ የሰሙ የውጭ አገር ሰዎች ሁለቱን አስተያይተው ተደነቁ። የሚመሳሰል ነገር አለውና። ነገር ግን የአቶ ጌታቸው ድምፅ ምንጩ አሜሪካ አልነበረም። ምንጩ የአገራችን ሽለላ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ተራራ ላይ ቆመው ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳሰሙ ያህል ነው።

6. ሸክላው ድምፁን አቆየው

በ1964 ዓ.ም. ገደማ ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ የአቶ ጌታቸውን ሙዚቃ በአንድ ትልቅ ሸክላ አሳተመ።  "ሽለላ" እና "አካሌ ውቤ" የሚባሉት ዜማዎች በዚያ ውስጥ ይገኛሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮት ፈነዳ። ከዚያም የሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰው ከመሸ በኋላ ከቤቱ መውጣት ተከለከለ። ሙዚቃ ቤት የሚያመሸው ሰው ስለ ጠፋ ብዙ ቤት ተዘጋ። ብዙ ሙዚቀኛም ተሰደደ። ሸክላ ማተምም ቀስ በቀስ ቀረና ካሴት ተተካ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ሸክላ በየቤቱ ጥግ አቧራ ለበሰ።

ሸክላ ግን አይረሳም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የእነዚያን ዓመታት የኢትዮጵያ ሙዚቃ እየፈለገ ሰበሰበ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም "ኢትዮፒክስ" በሚል ስም በተከታታይ እንደገና እንዲታተም አደረገ። የተከታታዩ 14ኛ ቁጥር የአቶ ጌታቸው ሥራ ነው። ከታተመ 30 ዓመት ገደማ የሆነው ሽለላ ከአቧራው ተነሥቶ ዓለምን ዞረ። በፓሪስ የሚገኙ ወጣት ሙዚቀኞችም ቡድናቸውን "አካሌ ውቤ" ብለው ሰየሙ።

7. በሽምግልና የመጣ ጉዞ

በ1997 ዓ.ም. አቶ ጌታቸው ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተው ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው መሣሪያውን ሰቅሎ ፀሐይ መሞቅ ያምረዋል። እሳቸው ግን ወደ ሆላንድ አገር ተጠርተው ሄዱ። የጠራቸው ዘ ኤክስ የሚባል የሙዚቃ ቡድን ነው። ይህ ቡድን በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመና ጊታሩን እያስጮኸ በኃይል የሚጫወት ነው። የአቶ ጌታቸውን ልጆች የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው ሌላ፣ ሙዚቃቸውም ሌላ ነው።

ታዲያ እንዴት ተግባቡ? ሽለላ ኃይል ይፈልጋል፤ የእነሱም ጊታር ኃይል አለው። ተስማማ። በ2006 እ.ኤ.አ. "ሞዓ አንበሳ" የተባለውን ሥራ አብረው አወጡ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ "ያንበሳው ትዝታ" ተከተለ። በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ተጫወቱ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ በኒው ዮርክ ከተማ ሊንከን ሴንተር በተባለው ስፍራ፣ በአደባባይ አሰሙ። የይፋት ልጅ የነፉት ሽለላ አማርኛ በማያውቅ ሕዝብ መካከል ተሰማ። በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው ድምፁን ሰምቶ ተነሣሣ።

አቶ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ81 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ከ60 ዓመት በላይ ነፍተዋል።

8. ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ ሙያ በትጋት ይገኛል። ልጁ ጌታቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው የጀመሩትን ሥራ በሰባ ዓመታቸውም አልተዉትም። በሽምግልናቸውም ከአዲስ ሰዎች ጋር አዲስ ነገር ሞከሩ። "አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ይገባኛል" የሚል ሰው ይህን ያስብ። እናንተም ጎልማሳ ሆናችሁ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፤ ሙዚቀኛን መናቅ አይገባም። በአገራችን "አዝማሪ" የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። በሠርጋችን ላይ እንጠራዋለን፤ እንሥቃለን፤ እናለቅሳለን። ሲነጋ ግን ልጃችንን ለእሱ መዳር እንጠላለን። ይህ ልክ ነውን? የአገርን ድምፅ ተሸክሞ ያቆየን ሰው ማክበር ይገባናል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል። አቶ ጌታቸው ቢያርፉም ድምፃቸው በሸክላ ስላለ የልጅ ልጆቻችን ይሰሙታል። ነገር ግን በየቀበሌያችን የነበሩ ስንት ሸላዮች ሞቱ? የአባቶቻችሁ ፉከራ የት ገባ? እናቶቻችሁ በወፍጮ ላይ ያንጎራጎሩትን ማን ያዘው? ሲሞቱ አብሯቸው ተቀበረ። መቅረጫ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። የሚጽፍም ሰው ስላልነበረ ነው።

ዛሬ ግን በቤታችሁ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አለ። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። እርሳስና ደብተር ካላችሁ ይበቃል። በሰፈራችሁ ካሉት ሽማግሌዎች መካከል ጥሩ ሸላይ የነበረውን ጠይቁ። ቡና አፍሉና አስቀምጡት። "አባባ፣ እስቲ በወጣትነትዎ ይሉት የነበረውን ይንገሩን" በሉ። ቀስ ብሎ ይናገር፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ቃል ቢያመልጣችሁ ድገሙልን በሉት። ከሥሩ የሰውየውን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ቀኑን ጻፉ። ድምፁን ወረቀት አይዝም፤ ቃሉን ግን ይይዛል። የሚቀርፅ ስልክ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ድምፁንም ያዙት።

ዛሬ ነገ አትበሉ። ሽማግሌ ቀጠሮ አያከብርም።

የቃላት ፍች

ኖታ፦ የሙዚቃ ድምፅ የሚጻፍበት ምልክት።
ቅኝት፦ የዜማ ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት።
ሸክላ፦ ድምፅ የተቀረፀበትና በማጫወቻ የሚሰማ ክብ ነገር።
ጎፈር፦ የአንበሳ የአንገት ጠጉር፤ ከእሱ የተሠራ የጀግና የራስ ጌጥ።
የሰዓት እላፊ፦ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣትን የሚከለክል ትእዛዝ።
ኦርኬስትራ፦ ብዙ መሣሪያ ያለው ትልቅ የሙዚቃ ጓድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሳክስፎን ድምፅ ከየት ይመጣል? በሣር ቅጠል ሞክራችሁ አስረዱ።
2. አቶ ጌታቸው ሳክስፎን ከመማራቸው በፊት የትኞቹን መሣሪያዎች ይጫወቱ ነበር? ይህስ ምን ጠቀማቸው?
3. አዝማሪና የጃዝ ሙዚቀኛ በምን ይመሳሰላሉ?
4. አቶ ጌታቸው የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. ነው። ወደ ሆላንድ የሄዱት በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት አለ? ቀንሳችሁ አግኙ።
5. በቀበሌያችሁ ሽለላና ቀረርቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ማን አለ? ማን ሄዶ ይጽፍለታል? ዛሬውኑ ተነጋግራችሁ ወስኑ።